አሠልጣኙ ቫሲሊ ሞሎኮቭና የባሕር አብራሪዎች ትምህርት ቤት



የሶቭየት ኅብረት አብራሪ ሲባል ሁላችንም አስቀድመን የምንጠራው ዩሪ ጋጋሪንን ነው። ጋጋሪን የተወለደው በማርች ወር 1934 ሲሆን፣ ልክ በዚያው ወር በአገሩ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ብዙ ሰዎች በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ በረዶ ተቀምጠው የሚያወጣቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ከማንም ይበልጥ ብዙዎቹን አውጥቶ ለምድር ያበቃው ቫሲሊ ሰርጌየቪች ሞሎኮቭ ይባላል። በ1930ዎቹ ዓመታት በአገሩ ስሙ በየቤቱ የሚነሣ ሰው ነበር። ዛሬ ግን በዚያም አገር ቢሆን አሮጌ መጽሐፍ ካላገላበጡ በስተቀር የሚያነሣው ብዙ አይገኝም።

እኛ የእርሱን ሕይወት የመረጥነው በዝናው ምክንያት ብቻ አይደለም። ሞሎኮቭ አስተማሪ ነበር። የሶቭየት ኅብረት ጀግና የሚለው ማዕርግ መጀመሪያ የተሰጣቸው ሰባት አብራሪዎች ናቸው። ከሰባቱ አንዱ እርሱ ሲሆን፣ ሌሎች ሦስቱ ደግሞ ተማሪዎቹ ነበሩ። ከሰባት አራቱ ከአንድ ትምህርት ቤት ወጡ ማለት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሞሎኮቭ የተወለደው በ1895 ከሞስኮ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ከድሃ ገበሬ ቤት ነው። እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የገበሬ ልጆች ትምህርት ሳይጠግብ ገና በልጅነቱ ሥራ ገባ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም በ1915 ለውትድርና ተጠራና ባልቲክ ባሕር ላይ ወደነበረው የባሕር ኃይል ተላከ። እዚያም የደረሰው ዕጣ መርከብ ላይ አልነበረም፤ የባሕር ኃይሉ አውሮፕላኖች ሞተር መካኒክ ሆነ። አውሮፕላን ያን ጊዜ ገና አዲስ ነገር ነው። ሞተሩ ዘይት ይተፋል፣ በየበረራው ይፈታል፣ ይገጠማል። ስለዚህ ሞሎኮቭ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ለብዙ ዓመት የሌሎችን ሞተር ሲጠግን ኖሯል። በኋላ የታወቀበት ጥንቃቄ ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ሞተሩን በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመ ሰው የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ እንደ ሌላው ሰው አይሰማም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንምጣ። ሞሎኮቭ ለውትድርና በተጠራበት በዚያው በ1915 በፔትሮግራድ ከተማ፣ ጉቱዬቭስኪ በምትባል ደሴት ላይ፣ የባሕር ኃይል መኰንኖች በረራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን የፔትሮግራድ ባሕር በክረምት ግግር በረዶ ይሆናል። በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ውኃ ከሌለ ምን ይማሩበታል? ስለዚህ ሥልጠናው ወደ ሞቃታማው ወደ ካስፒያን ባሕር፣ ወደ ባኩ ተሻገረ። አብዮቱና የርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቮልጋ ወንዝ ዳርቻ፣ በመጀመሪያ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ፣ ቀጥሎ ወደ ሳማራ ሄደ። ከዚያ ወደ ጥቁር ባሕር ወርዶ ሴቫስቶፖል ገባ። በመጨረሻ በ1931 አዞቭ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ዬይስክ ተዛወረ። የእኛ እድር ድንኳን እንኳ ይህን ያህል አልዞረም።

ሞሎኮቭ ትምህርት ቤቱ ገና ቮልጋ ዳር ሳለ ገብቶ ተማረና በ1921 አብራሪ ሆነ። ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። ጥቂት ቆይቶም በሴቫስቶፖል አሠልጣኝ ሆነ። እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዋና ሥራው ይኸው ማስተማር ነበር።

የባሕር አብራሪ ማሠልጠን ምን እንደሚመስል ጥቂት ብንል አይከፋም፤ ነገሩን ያለዚህ ማወቅ አይቻልም። በ1920ዎቹ ከተማሩባቸው አውሮፕላኖች አንዱ ኤም 5 የተባለው በራሪ ጀልባ ነው። ሆዱ እንደ ጀልባ የተሠራ ከእንጨት ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ከላይም ክፍት ነው። ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ውኃ ላይ ሳለ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ስለዚህ ተማሪው አብራሪ ከመሆኑ በፊት ጀልበኛ መሆን አለበት። ገመድ ማሰር፣ ማዕበል ማንበብ፣ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ በፊቱ ላይ ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ማዕበሉ አይደለም፤ ጸጥታው ነው። ባሕሩ እንደ መስተዋት ረግቶ ሲውል አብራሪው ውኃው የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም። ሰማዩ ከላይም አለ፣ ከታችም አለ። ገና 10 ሜትር ቀረኝ ያለው ሰው ውኃው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ደረስኩ ብሎ ሞተሩን የቀነሰው ደግሞ ከላይ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። መድኃኒቱ አንድ ነው። በዓይን ሳይታመኑ አፍንጫውን ጥቂት ቀና አድርጎ፣ ለሞተሩ መጠነኛ ጉልበት ትቶ፣ ውኃው ራሱ መጥቶ እስኪነካ ድረስ በትዕግሥት መውረድ ነው። ይህን ለተማሪ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት ይቻላል፤ ማስለመድ ግን የሚቻለው አብሮ ተቀምጦ ነው። አሠልጣኙም ቢሆን እጁን ቶሎ ካስገባ ተማሪው አይማርም፤ ካዘገየ ሁለቱም አይመለሱም። ከመካከላችሁ ልጅ መኪና ያስተማራችሁ ካላችሁ ትንሽ ትንሽ ይገባችኋል።

በሞሎኮቭ እጅ ካለፉት ተማሪዎች ሦስቱን እንጥቀስ። ሲጊዝሙንድ ሌቫኔቭስኪ ከፖላንዳውያን ወገን በፔትሮግራድ የተወለደ፣ ደፋርና ቁመናው ያማረ ሰው ሲሆን ትምህርቱን የጨረሰው በ1925 ነው። አናቶሊ ሊያፒደቭስኪ በዕድሜ ከሦስቱ ታናሽ ነው፤ የጨረሰው በ1929 ነው። ሦስተኛው ኢቫን ዶሮኒን ነው። ሁሉም ከትምህርት ቤቱ ወጥተው በየፊናቸው ተበተኑ። መምህሩም ራሱ ሴቫስቶፖልን ትቶ ወደ ሳይቤሪያ ሄደና በዬኒሴይ ወንዝ መስመር፣ ከክራስኖያርስክ ወደ ሰሜን ሰውና ፖስታ የሚያመላልስ ሲቪል አብራሪ ሆነ። መምህርና ተማሪዎች ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ያገናኛቸው የአንዲት መርከብ መስጠም ነው። ቼሊዩስኪን የተባለችው መርከብ በ1933 ክረምት ሳይገባ የሰሜኑን ባሕር አቋርጣ ወደ ፓሲፊክ እንድትወጣ ተልካ ነበር። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በረዶው ያዛት። ወራት ሙሉ አብሯት ሲንሳፈፍ ከርሞ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1934 ጎኗን ሰብሮ አሰጠማት። አንድ ሰው ከመርከቢቱ ጋር ሰጠመ። 104 ሰዎች በረዶው ላይ ቀሩ፤ ከነዚህ ውስጥ 10 ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ነበሩ። አንደኛዋ ሕፃን የተወለደችው እዚያው መርከብ ላይ በጉዞ ሳሉ ነበር። ከሥራቸው ያለው በረዶ ነው፤ ከበረዶው ሥር ባሕር ነው። በረዶው ሲሰነጠቅ ያዘጋጁት የማረፊያ ሜዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ሌላ ሜዳ ፈልገው በአካፋና በዶማ ያስተካክላሉ፤ እሱም ይሰነጠቃል። የሰፈሩ አለቃ ፕሮፌሰር ኦቶ ሽሚት ይባል ነበር።

መጀመሪያ የደረሰላቸው ሊያፒደቭስኪ ነው። ገና 25 ዓመቱ ነበር። በጭጋግና በአውሎ ነፋስ ምክንያት እየተነሣ እየተመለሰ በ29ኛው በረራው፣ ማርች 5 ቀን፣ ሰፈሩን አገኘ። አሥሩን ሴቶችና ሁለቱን ሕፃናት በአንድ ጊዜ ጭኖ አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን አውሮፕላኑ ተሰበረበትና ወደ በረዶው ሳይመለስ ቀረ። ሌቫኔቭስኪ በበኩሉ አውሮፕላን ከአሜሪካ ተገዝቶ በአላስካ በኩል ሲመጣ፣ በአውሎ ነፋስ መካከል ገብቶ ማርች 29 ቀን ወደቀ። ሕይወቱ ተረፈ፤ አውሮፕላኑ ግን ከጥቅም ውጭ ሆነ። እንግዲህ ወሩ አለቀ፣ ፀሐዩም እየሞቀ በረዶው መላላት ጀመረ፤ 92 ወንዶች አሁንም እዚያው ናቸው።

ሞሎኮቭ ሲመጣ የመጣው ከበታች ሆኖ ነው። የተመደበበት ቡድን አዛዥ ኒኮላይ ካማኒን የተባለ የ25 ዓመት ወታደር ነበር። ሞሎኮቭ 39 ዓመቱ ነው፤ የሰሜንን ብርድና ጭጋግ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ አዛዡ ግን ልጁ ነው። በዚያው ቡድን የነበረ ሌላ ሲቪል አብራሪ በዚህ ጉዳይ ተከራክሮ ከጉዞው ወጥቷል። ሞሎኮቭ ሳይከራከር ከኋላ ተከተለ። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ድክመት ሊለው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። በየስብሰባችን እንደምናየው ማን ይቅደም በሚል ክርክር የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ እዚያ ደግሞ የሚባክነው የሰው ነፍስ ነበር። ከተነሡት አምስት አውሮፕላኖች ተራራውንና ጭጋጉን አልፈው ቫንካሬም ከተባለችው የጠረፍ መንደር የደረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የካማኒንና የሞሎኮቭ። የደረሱበትም ቀን ኤፕሪል 7 ነው።

አውሮፕላናቸው አር 5 ይባላል። ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ከፊት አብራሪው፣ ከኋላ አንድ ሰው። በዚህ ዓይነት ሒሳብ በረዶው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ለማውጣት ስንት ምልልስ ያስፈልጋል? በረዶውስ እስከዚያ ይቆያል? ሞሎኮቭ ዘዴ አገኘ። በአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ዕቃ በፓራሹት ለመጣል የሚያገለግሉ ከስስ እንጨት የተሠሩ ረጃጅም ሳጥኖች ነበሩ። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሰው አስተኝቶ መውሰድ ይቻላል አለ። ከኋላ መቀመጫውም ሰዎችን አጠጋግቶ አስገባ። እንዲህ እያደረገ አንዳንዴ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ አወጣ።

ሳጥን ሲባል እኛ እድርተኞች ወዲያው የሚታየን ሌላ ነው። እዚያ የገቡትም ሰዎች ሳይታያቸው አልቀረም። ጠባብ ነው፤ ጨለማ ነው፤ መዝጊያው ከላይ ሲገጠም ሰውየው መንቀሳቀስ አይችልም፤ ሞተሩ አጠገቡ ያጓራል፤ ከታቹ ስስ እንጨት፣ ከእንጨቱ በታች የበረዶ ባሕር ነው። ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መዝጊያው ሲከፈት ሰውየው ከነሕይወቱ ይወጣል።

ይህ እንዲሁ በድፍረት የተደረገ እንዳይመስለን። ጭነት የበዛበት አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ በረዶው ላይ ያለው ሜዳ ደግሞ አጭር ነው። ነጩ በረዶ ላይ ጥላ ከሌለ አብራሪው መሬቱ የት እንደሚጀምር አይለይም። ልክ እንደ ረጋው ባሕር ማለት ነው። ሞሎኮቭ በሴቫስቶፖል ለዓመታት ለልጆች ሲያስለምድ የኖረው ይኸንኑ ነበር። እያንዳንዱን ጭነት መዝኖ፣ ነፋሱን ጠብቆ፣ ሳይቸኩል ይነሣል፤ ሳይቸኩል ያርፋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻውን 39 ሰዎች አወጣ። ካማኒን 34 አወጣ። ከዶሮኒንና ከቮዶፒያኖቭ፣ ከስሌፕኞቭም ጋር ተጋግዘው ኤፕሪል 13 ቀን የመጨረሻዎቹን ስድስት ሰዎች አነሡ። በረዶው ላይ ከቀሩት 104 ሰዎች አንድም አልሞተም።

በሦስተኛው ቀን የሶቭየት ኅብረት ጀግና የሚባለው ማዕርግ ተቋቋመ፤ ኤፕሪል 20 ቀን ለሰባቱ ተሰጠ። ተራ ቁጥሩ ሲወጣ ሊያፒደቭስኪ አንደኛ፣ ሌቫኔቭስኪ ሁለተኛ፣ መምህራቸው ሞሎኮቭ ሦስተኛ ሆነ፤ ዶሮኒን ሰባተኛ ነው። ሌቫኔቭስኪ ከበረዶው ላይ አንድ ሰው እንኳ ሳያነሣ መሸለሙ ያን ጊዜም ዛሬም ያነጋግራል። እኛ ግን ሊረዳ ሲሄድ የወደቀን ሰው ከሩቅ ሆነን ልንፈርድበት አንወድም።

ከዚህ በኋላ ሞሎኮቭ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1936 በውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን የአገሩን ሰሜን ጠረፍ ዳር እስከ ዳር ተከትሎ ወደ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር በረረ። በሜይ 1937 ደግሞ አራት ተመራማሪዎችን ከነዕቃቸው ሰሜን ዋልታ ላይ ካሳረፉት ከባድ አውሮፕላኖች አንዱን የነዳው እርሱ ነበር። ከዋልታ ሲመለስ ሕዝቡ በአበባ ተቀበለው። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ።

ሌቫኔቭስኪ ከሞስኮ ተነሥቶ በዋልታ ላይ አልፎ አሜሪካ ለመግባት ለብዙ ጊዜ ይመኝ ነበር። በ1935 ሞክሮ ዘይት ስለፈሰሰበት ከመንገድ ተመልሷል። ኦገስት 12 ቀን 1937 እንደገና ተነሣ። አራት ሞተር ያለው አዲስ ከባድ አውሮፕላን ነው፤ ከእርሱ ጋር ስድስት ሰው ሆነው ሄዱ። በማግሥቱ ዋልታውን እንዳለፉ በራዲዮ አስታወቁ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ከሞተሮቹ አንዱ እንደቆመና በደመና ውስጥ እንደገቡ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የደረሰ የታመነ ወሬ የለም።

ፍለጋው ከሁለቱም ወገን ተጀመረ። በአላስካ በኩል ከፈለጉት አንዱ ጂሚ ማተርን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በ1933 ብቻውን ዓለምን ሲዞር በሳይቤሪያ ወድቆ፣ ከዚያ አንሥቶ ወደ አላስካ ያደረሰው ሌቫኔቭስኪ ነበር። አሁን ውለታውን ሊመልስ መጣ። በሶቭየት በኩል ደግሞ ከዋልታ የተመለሱት ከባድ አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን እንዲመለሱ ታዘዘ። ከአዛዦቻቸው አንዱ ሞሎኮቭ ነው። የ42 ዓመቱ መምህር፣ በሴቫስቶፖል ባሕር ላይ አጠገቡ አስቀምጦ ያስተማረውን ሰው ሊፈልግ ሩዶልፍ ወደምትባለው ደሴት ሄደ። ጨለማው እየገባ፣ ቀኑ እያጠረ ነበር። አልተገኙም። በ1938 ፍለጋው ቆመ። በ1999 በአላስካ ጠረፍ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የአውሮፕላን ስብርባሪ የሚመስል ነገር በመሣሪያ ታይቶ ነበር፤ እንደገና ቢፈለግ ግን አልተገኘም። ስድስቱ ሰዎች እስከ ዛሬ መቃብር የላቸውም። በእኛ አገር አስከሬኑ ያልተገኘለት ሰው ለቅሶው መቼ እንደሚያልቅ ሁላችን እናውቃለን፤ የቤተ ሰዎቹም እንዲሁ ነበር የሚሆነው።

መንግሥቱ የሰጣቸው መታሰቢያ ትምህርት ቤት ነው። ሌቫኔቭስኪ በወጣትነቱ አስተምሮበት በነበረው በኒኮላየቭ ከተማ የነበረው የባሕር ኃይል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በስሙ ተጠራ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዩክሬን ላይ ሲመጣ ይህም ትምህርት ቤት እንደ ቀድሞው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቮልጋ ተሰደደ። የሞሎኮቭ የቀድሞ ትምህርት ቤት፣ ያ ዬይስክ የገባው፣ በፊት የስታሊን ስም ነበረው፤ ኋላ በ1967 መንኰራኩሩ ወድቆ በሞተው በጠፈረተኛው በቭላዲሚር ኮማሮቭ ስም ተሰይሟል። በሞሎኮቭ ስም ግን ከእነዚህ አንዱም አልተጠራም። በሕይወት ያለ ሰው ስለሆነ ይሆናል።

ከ1938 እስከ 1942 ሞሎኮቭ የአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ዋና ኃላፊ ሆነ፤ በ1940 የጄኔራልነት ማዕርግ አገኘ። ያ ዘመን ለባለሥልጣን ክፉ ዘመን ነበር፤ ብዙ የሚያውቃቸው ሰዎች ታስረዋል፣ ተገድለዋል። እርሱ ተረፈ። በ1943 ቢሮውን ትቶ የሌሊት ቦምብ ጣይ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆኖ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆየ። ከዚያም ጡረታ ወጣ። የቀረውን ሦስት ዐሥርት ዓመት በላይ ያለ ብዙ ወሬ ኖረ።

ሰባቱ አንድ በአንድ አለቁ። ዶሮኒን በ1951 ሞተ። ስሌፕኞቭ በ1965፣ ቮዶፒያኖቭ በ1980 ተከተሉ። በ1934 የ25 ዓመት አዛዥ የነበረውና ኋላ ጋጋሪንንና ጓደኞቹን ለጠፈር ያዘጋጀው ካማኒን በማርች 1982 ዐረፈ። በዚያ ዓመት መጨረሻ የቀሩት መምህሩና ታናሹ ተማሪው ብቻ ነበሩ።

ሞሎኮቭ ዲሴምበር 29 ቀን 1982 በ87 ዓመቱ ሞተ። ቀብሩ በሞስኮ በክረምት ብርድ ውስጥ ተፈጸመ። ሊያፒደቭስኪ 74 ዓመቱ ነበር፤ ጤናም አልነበረውም። በዚያ ዕድሜና በዚያ ብርድ ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከሰባቱ ሊቆም የሚችለው እርሱ ብቻ ነበርና ሄደ። ብርድ የመታው እዚያው ቀብሩ ላይ ቆሞ ሳለ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ በኋላ አልጠናም። ኤፕሪል 29 ቀን 1983፣ መምህሩ በሞተ ልክ በአራተኛው ወር፣ ዐርፎ በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተቀበረ።